ቴሙ የሚያምረው አማርኛ እስኪገባበት ድረስ ነው

ቴም ማለት የዌብሳይትን መልክና አቀማመጥ የሚወስን የተዘጋጀ ንድፍ ነው። ቴም የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማሳያውን ነው። ሰፊ ፎቶ አለ። ሳሳ ያለ ርዕስ አለ። ዓይን የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ አለ። ሰውየው ደስ ብሎት ይጭነዋል፤ የራሱን የአማርኛ ጽሑፍ ያስገባበታል። ያኔ ያ ሁሉ ውበት ድራሹ ይጠፋል። ርዕሱ ይወፍርና ይደፈናል። መስመሮቹ ይጣበቃሉ። ሜኑው ላይ ያሉት ቃላት ፊደል በፊደል ይበታተናሉ።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሌላ ቴም ፍለጋ ይሄዳል። የሚቀጥለውም ያው ይሆንበታል፤ ችግሩ ልኩ ላይ ነዋ። የፊደሉ መጠን፣ በመስመሮች መሃል ያለው ርቀት፣ የርዕሱ ውፍረት፣ ሁሉም የተለካው በላቲን ፊደል ነው። ቴሙን የሠራው ሰው አማርኛ አስገብቶ አላየውም። አልወቅሰውም። ልኩን ማስተካከል የእኛ ሥራ ነው፤ እኔ እንደማምነው ደግሞ ከቴም ሥራ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ቀለሙና ፎቶው ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ የአማርኛ አንቀጽ ስልክ ላይ ዓይን ሳያደክም ይነበብ።

ስለ ምርጫው ብዙ አልልም። እኔ የምጠቀመው ዎርድፕረስ የተባለውን የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ዎርድፕረስ ቴም የሚባለውን ነገር ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 1.5 ስሪቱ ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ በዓመት ቁጥር የተሰየሙ የራሱ ቴሞች አሉት፤ ትዌንቲ ቴን፣ ትዌንቲ ትዌንቲ ፎር እያለ ይቀጥላል። ለጀማሪ የምመክረው ከእነዚህ አንዱን ነው። ቀለል ያሉ ናቸው። ለፊደላችን ቦታ ለማመቻቸት ብዙ ማፍረስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ከአገር ቤት በብር ሂሳብ የውጭ ቴም መግዛት ለብዙዎቻችን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ፕሪሚየም ቴም በነጻ» እየተባለ በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለቀቀው ዚፕ ፋይል ያጓጓል። እባካችሁ አትንኩት። እንዲህ ያሉ ፋይሎች ውስጥ የተደበቀ ኮድ ማግኘት የተለመደ ነው። ገጻችሁ ላይ የቁማር ሊንክ ይተክላል፣ አንባቢያችሁን ጠልፎ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል፣ ወይም ለማታውቁት ሰው የአስተዳዳሪ መግቢያ ይከፍታል። ዎርድፕረስ በራሱ ማውጫ ውስጥ የሚያቀርባቸው ቴሞች በሙሉ ጂፒኤል በሚባለው ነጻ ፈቃድ ሥር ናቸው። ማውረድም፣ መቀየርም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም መብታችሁ ነው። ንጹሑ ነገር በነጻ እያለ ከሰረቀ ሰው እጅ መቀበል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ።

ቴሙ ከሚያምር የላቲን ፎንት፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ ከያዘ ፋይል ጋር ይመጣል። በዚያ ፎንት ውስጥ ግን የግዕዝ ፊደል የለም። ብራውዘሩ «ሀ»ን ፈልጎ ሲያጣ አንባቢው መሣሪያ ላይ ያገኘውን የግዕዝ ፎንት ያነሳል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይሆናል። ማክ ላይ ኬፋ። አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ስለዚህ አንዱ ጽሑፍ በየሰዉ እጅ ሌላ መልክ አለው። እኔ አዲስ አበባ ላፕቶፔ ላይ አሳምሬ የጨረስኩት ገጽ፣ ዱባይ ያለችው እህቴ ስልክ ላይ ሌላ ገጽ ነው። ርዕስ ውስጥ ቁጥር ካለበት ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩ በቴሙ ፎንት፣ ፊደሉ በሌላ ፎንት ይወጣና አንዱ ርዕስ ሁለት ሰው የጻፈው ይመስላል።

እዚህ የደረስነውም ብዙ ተለፍቶ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በጋራ በሚያውቁበት የኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የላቲኑን ቦታ በራሱ መንገድ ተውሶ ነበር የሚሠራው። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። አንባቢው ያ ፎንት ከሌለው የሚያየው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ብቻ ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈ ጽሑፍ ያላችሁ ቴም ከመንካታችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። ይህን ምንም ቴም አያስተካክልላችሁም።

መፍትሔው አንድ የአማርኛ ፎንት መርጦ ከገጹ ጋር አብሮ መላክ ነው። እኔ ለዋናው ጽሑፍ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን፣ ለሜኑና ለትናንሽ ጽሑፎች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መርጫለሁ። አቢሲኒካ ኤስአይኤልም አለ። ቅርጹ የብራና ጽሕፈትን ስለሚያስታውሰኝ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ግን ደማቅ ቅርጽ የለውም። ደማቅ ሲጠየቅ ብራውዘሩ ራሱ አወፍራለሁ ብሎ ይነሳል፤ ያኔ እንደ ጨ እና ጬ ያሉ ጥቅጥቅ ያሉ ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። አቢሲኒካን የምትመርጡ ከሆነ ርዕሱን በውፍረት ሳይሆን በመጠን ለዩት። ሦስቱም ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ።

አጫጫኑ ድሮ ኮድ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ከወጣው 6.5 ስሪት ጀምሮ ግን ዎርድፕረስ የፎንት ላይብረሪ አለው። ቴሙ ብሎክ ቴም፣ ማለትም ገጹ ሁሉ በኤዲተሩ ውስጥ የሚስተካከልበት አዲሱ ዓይነት ከሆነ፣ ኤዲተሩ ውስጥ ስታይልስ የሚለውን ከፍታችሁ ፎንቱን ትመርጣላችሁ፤ ፋይሉ ወርዶ የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ይህ የራስ ሰርቨር ጉዳይ በተለይ አውሮፓ ላላችሁ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አንድ የሙኒክ ፍርድ ቤት፣ ፎንቱን በቀጥታ ከጉግል ይጠራ የነበረ ዌብሳይት የጎብኚውን የአይፒ አድራሻ (የመሣሪያውን የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ለጉግል አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ 100 ዩሮ ካሳ ፈርዶበታል። ፎንቱ ከእናንተው ሰርቨር ሲመጣ ይህ ጣጣ የለም።

ክብደቱንም አስቡበት። የአማርኛ ፎንት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ስለሚይዝ ከላቲኑ ይከብዳል። ዳታ በፓኬጅ የሚገዛ አንባቢ ይህን ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ መደበኛውንና አንድ ደማቅ ብቻ ጫኑ፤ ዘጠኙንም የውፍረት ደረጃ አትደርድሩ። ዎፍ ቱ የሚባለው የፋይል ዓይነት የተጨመቀ ስለሆነ እሱን ተጠቀሙ። ፎንቱ ወርዶ እስኪያልቅ ድረስም ጽሑፉ ስልኩ ላይ ባለው ፎንት እንዲታይ የሚያደርግ የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ኮድ) ትእዛዝ አለ፤ እሱ ከሌለ አንባቢው ባዶ ገጽ ላይ ያፈጣል። ክብደት ለመቀነስ ብለው ከፎንቱ ውስጥ የማይጠቀሙባቸውን ፊደላት ቆርጠው የሚያወጡም አሉ። ለአማርኛ ብቻ ከሆነ ያስኬዳል። በሰባት ቤት ጉራጌ ወይም በብሊን የምትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። የእናንተ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የተቀመጡት በሌላ ክፍል ነው፤ ቆራጩ መሣሪያ ሳይነግራችሁ ይጥላቸዋል።

ቀጥሎ የመስመር ርቀት ነው። አጎቴ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እያነሱ ገጽ ያሰልፉ ነበር። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ቴሙን እንደተጫነ፣ ምንም ሳልነካው፣ በስልኬ አሳየኋቸው። ስለ ፎቶውም ስለ ቀለሙም አንድ ቃል አልተናገሩም። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙና «ልጄ፣ ይሄ መስመር ታፍኗል። አላቅቀው እንጂ፣ ፊደሉ ይተንፍስ» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። አብዛኞቹ ትናንሽ የላቲን ፊደላት አጫጭር ናቸው። ከላያቸው በራሱ የሚቀር ክፍት ቦታ አለ። የእኛ ፊደል ትንሽና ትልቅ የለውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙሉ ቁመቱን ይዞ ይቆማል። ለላቲን የሚመቸው የፊደሉን መጠን አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ የመስመር ቁመት ለእኛ ጠባብ ነው። እኔ ለዋናው ጽሑፍ 1.8፣ ለርዕስ 1.4 አድርጌዋለሁ። ርዕሱን መርሳት አይገባም። ቴሞች ርዕስን በጣም ያጠጋጉታል፤ የላቲን ርዕስ አንድ መስመር ላይ ያልቃል፣ የእኛ ግን ስልክ ላይ ሦስት መስመር ይይዛል።

መጠኑንም ከ16 ወደ 19 ፒክስል ከፍ አድርጌዋለሁ። ሉ እና ሊን አስተያዩ። ልዩነታቸው ቅጥያዋ ያለችበት ቦታ ብቻ ነው፤ የአንዱ ወገቡ ላይ፣ የሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ሲያንስ ይህ ልዩነት ይጠፋል። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ ነው የሚያነበው። ይደክመዋል፤ ለምን እንደደከመው ግን አይታወቀውም፤ ጽሑፉ ረዘመ ብሎ ዘግቶት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ሊንክ ሥር የሚሰመረው መስመር ነው። መስመሩ ለፊደሉ በጣም ሲጠጋ በ ቧን ይመስላል። ለ ሏን፣ ሰ ሷን ይመስላል። የእነዚህ ፊደላት መለያ እኮ ከሥራቸው ያለችው አግድም ጭረት ናት። ቴሙ ያለ ክፋት ሊንክ ባለበት ቦታ ሁሉ ሆሄ ይቀይርብናል። መስመሩን ከፊደሉ ዝቅ የሚያደርግ የሲኤስኤስ ትእዛዝ አለ፤ የፊደሉን ቁመት ሩብ ያህል ዝቅ አድርጌዋለሁ። አንድ መስመር ኮድ ናት። የአማርኛ ገጽ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ብታስገቧት ደስ ይለኛል።

ሜኑው ላይ ፊደላት የተበታተኑበት ምክንያትም ተመሳሳይ ነው። የላቲን ቴሞች ሜኑን በትልልቅ ፊደል ጽፈው በፊደላቱ መሃል ክፍተት ይጨምራሉ። ትልልቁ ፊደል እኛን አይነካንም፤ ክፍተቱ ግን ይደርሰናል። ወደ ዜሮ መመለስ ነው። የተጋደመ ጽሕፈትም እንዲሁ። ቴሙ ጥቅስን ያጋድማል። ከላይ የጠቀስኳቸው የግዕዝ ፎንቶች የተጋደመ ቅርጽ ስለሌላቸው ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያዘነብለዋል። አስቀያሚ ነው፣ ለማንበብም ይቸግራል። እኔ አጥፍቼው ጥቅሱን ገባ አድርጌ በ« » ነው የማስቀምጠው፤ የአማርኛ መጻሕፍትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አንዳንዶች ጽሑፉ ጋዜጣ እንዲመስል ግራና ቀኙን እኩል ያደርጉታል። ኮምፒውተር ላይ ያምር ይሆናል። ስልክ ላይ ግን የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ አንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ቃል ብቻ ይገባል፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ጎዳና ያህላል። በግራ ብቻ ይሰለፍ። የብራና ጸሐፍት ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም። ሁለት ነጥቡ ቃልን ከቃል ስለሚለይላቸው፣ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን የትም ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገሩ ነበር። ዓምዱ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሁለት ነጥብን ካነሳሁ አይቀር፣ ዛሬም በክፍት ቦታ ፈንታ ፡ የምትጠቀሙ ወዳጆች አላችሁ። አከብራችኋለሁ። ብራውዘሩም ያውቀዋል፤ መስመር ሲያልቅ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ይቆርጣል። ዎርድፕረስ ግን አያውቀውም። መነሻ ገጹ ላይ ለሚታየው ቅንጫቢ የመጀመሪያዎቹን 55 ቃላት ሲወስድ የሚቆጥረው ክፍት ቦታን ነው። ክፍት ቦታ ከሌለ አንቀጹ ሁሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠርና ጽሑፉ መነሻ ገጹ ላይ ይዘረገፋል። ቅንጫቢውን በእጃችሁ ጻፉ፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ሣጥን አለው።

ስለ ቀለም የምለው አጭር ነው። የድሮ ጸሐፍት በጥቁርና በቀይ ሠርተው የማይጠገብ ገጽ አውጥተዋል። ጥቁር ለጽሑፉ፣ ቀይ ለመክፈቻውና ለቅዱሳን ስም። እኔም ከነጣ ዳራ ላይ ጥቁር፣ ለሊንክና ለርዕስ ጠቆር ያለ ቀይ አድርጌ ሌላውን ሁሉ አውጥቼዋለሁ።

ቀኑ ግን አልፈው ልሄድ የማልችለው ነገር ነበር። በእንቁጣጣሽ የለጠፍኩት ጽሑፍ አናት ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 የሚል ሲመጣ ልቤ አይቀበለውም። ያ ቀን መስከረም 1 ቀን 2017 ነው። ጽሑፉ ስለ አደይ አበባ እያወራ አናቱ ላይ የሌላ ወር ስም ተለጥፎበታል። ደስ የሚለው፣ ፒኤችፒ የሚባለው ዎርድፕረስ የተጻፈበት ቋንቋ ኢንትል የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለው፤ እሱ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ጳጉሜንን ጨምሮ ያውቃል። ሆስቲንጋችሁ፣ ማለትም ዌብሳይታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ድርጅት ጋ መከፈቱን ጠይቁ። ከተከፈተ ጥቂት መስመር ኮድ ጽፎ ቴሙ ቀን በሚያወጣበት ቦታ ሁሉ የእኛን ማሳየት ይቻላል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ የእኛን ጎላ አድርጌ፣ የፈረንጁን ከሥሩ አነስ አድርጌ። ውጭ ተወልደው ላደጉ አንባቢዎች እሱም ያስፈልጋል።

በወር የተደረደረው ማኅደር ግን አልተስተካከለም። ዎርድፕረስ የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ 13ኛውን የት እንደሚያስቀምጠው አያውቅም። ስለዚህ ማኅደሩን ከጎን አውጥቼ በርዕሰ ጉዳይ ተካሁት። አንባቢም ቢሆን በወር ሲፈልግ እምብዛም አላየሁም።

የገጹ አድራሻም አለ። ዎርድፕረስ አድራሻውን የሚሠራው ከርዕሱ ነው። ርዕሱ አማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል፤ የመቶኛ ምልክት፣ ፊደልና ቁጥር እየተፈራረቀ። የአድራሻው ጣሪያ ደግሞ 200 ነው። ከ22 ፊደል ገደማ በላይ ያለው ርዕስ ይቆረጣል ማለት ነው። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉትም ብዙ ጊዜ ማንም የማያነበው ረጅም የምልክት ጅረት ሆኖ ይወጣል። ከማተማችሁ በፊት አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል ቀይሩት። ፊደላችንን ለሚወድ ሰው ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔንም ይከብደኛል። ግን አንባቢ የሚያየው ርዕሱን ነው፤ አድራሻው ሥራውን ከሠራ ይበቃል።

የዌብሳይቱን ቋንቋም ከሴቲንግ ውስጥ አማርኛ አድርጉት። እንግሊዝኛ ሆኖ ከቀረ ገጹ ለብራውዘሩ «እኔ እንግሊዝኛ ነኝ» እያለ ነው። ማየት ለተሳናቸው ጽሑፍ የሚያነብ ሶፍትዌር በዚህ ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ ለውጥ የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። በቀጥታ ቴሙ ፋይል ውስጥ ከጻፋችሁት የሚቀጥለው አፕዴት ጠራርጎ ይወስደዋል። አፕዴት አላደርግም ማለት ደግሞ በሩን ለሰባሪ ክፍት መተው ነው። ቻይልድ ቴም የሚባለው ለዚህ ነው የተፈጠረው። አንድ አዲስ ፎልደር፣ ውስጡ የወላጁን ቴም ስም የሚጠራ የስታይል ፋይል፣ ኮድ ካላችሁ ደግሞ የፈንክሽን ፋይል። ወላጁ ይታደሳል፤ የእናንተ ለውጥ ሳይነካ ይቀመጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ባክአፕ ያዙ፤ ሙከራውንም በቀጥታ አንባቢ ፊት አታድርጉት።

እስካሁን ያላለቀልኝ ፍለጋው ነው። «ዓለም» ብሎ የፈለገ ሰው «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። «ፀሐይ» ያለ «ጸሀይ»ን አያገኝም። የእኛ ሰው ደግሞ በስልክ ሲጽፍ እጁ የቀረበለትን ሀ ነው የሚነካው። አጻጻፌን አንድ ዓይነት ላድርግ ብል እንኳ የአንባቢውን ጣት አላዝም። እየሠራሁ ያለሁት እንዲህ ነው፦ የታተመው ጽሑፍ እንዳለ ይቀመጣል፤ ከጀርባ ግን ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነሰባት ቤታቸው የተጠቀለሉበት ሁለተኛ ቅጂ ይኖራል። አንባቢው የጻፈውም በዚያው መንገድ ይጠቀለልና ፍለጋው በቅጂው ላይ ይካሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ከቻይልድ ቴሙ ጋር በጂፒኤል እለቀዋለሁ። የቀኑን ኮድ፣ የመስመሩን ልኬትና ዝቅ ያለውን የሊንክ መስመር እንዳለ ወስዳችሁ በገጻችሁ ላይ መጫን ትችላላችሁ፤ የተሻለ ነገር ያገኘ ሰውም ቀይሮ ይላክልኝ።